«ጎሽ» የቱ ጎሽ ነው?

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ ፓራፊን ሰም ለተማሪዎቼ እየጻፍኩ ነው። «ጎሽ ዲፌክት» የሚል ስያሜ ገጠመኝ። «የጎሽ ጉድለት» ብዬ ብጽፍ አውሬው ነው የሚመስላቸው። ምን ልበለው?

መልስ (ከድሬዳዋ)፦ ሰላም ወንድሜ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ግራ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ድሬ ከገባ ወዲህ ፈረንሳይኛ ለኛ እንግዳ አይደለም። «ለገሃር» ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው የመጣ ነው። አንተ ግን «ግራ» ብለህ አትተርጉመው።

የፓራፊን ሞለኪውል የካርቦን ሰንሰለት ነው። ሰሙ ሲረጋ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ይደረደራሉ። የአንዱ ትስስር የመዞሪያ ማዕዘን ከ180 ዲግሪ (ቀጥ ካለው) ወደ 60 ገደማ ሲለወጥ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይታጠፋል። ጎሽ የሚሉት ይህን ነው። የሚዞረው ደግሞ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ነው። «ቀኝ የዞረ ግራ» ልንል ነው እንዴ?

«ጥምዝ» በለው። ልብስ ስናጥብ ጠምዝዘን እንጨምቅ የለ? ትስስሩም እንደዚያው በራሱ ዘንግ ላይ ነው የሚዞረው።

«ጉድለት»ንም ተወው። ከሰንሰለቱ አንድም አቶም አልጎደለም። «ግድፈት» የጽሑፍ ነው። «እንከን» ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሲቀልጥስ? ያኔም እንከን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅህ። ትናንት ከሰዓት መስኮት ላይ የተውኩት ሻማ በድሬ ሙቀት ጎብጦ አገኘሁት። ለሰለሰ እንጂ አልቀለጠም። ሰም ወደ መቅለጫው ሲጠጋ፣ ገና ጠጣር እያለ፣ ጥምዞች ይበረክታሉ፤ በተለይ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ። ሲቀልጥ ግን ከትስስሮቹ ሲሶ ያህሉ ይጠመዘዛሉ። ሰልፍ መሀል ያጎነበሰ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ማን ልብ ይለዋል? ስለዚህ ለጠጣሩ «የጥምዝ እንከን»፣ ለፈሳሹ «ጥምዝ» ብቻ በል። እንከን የሚባለው ደንብ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

ሌላ አባል (ከሐረር)፦ «ኪንክ» የሚሉትስ? ሁለት ጥምዞች በተቃራኒ አቅጣጫ፣ መሀላቸው አንድ ቀጥ ያለ ትስስር። ሰንሰለቱ ትንሽ ወደ ጎን ወጣ ብሎ በቀድሞ አቅጣጫው ይቀጥላል። እኔ «ወለምታ» እለዋለሁ። እግር ወለም ሲል አጥንቱ አይሰበርም፤ ሰንሰለቱም አልተበጠሰም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ስንል ቃሉ ከእግር ወደ አፍ ተሻግሯል። ወደ ሞለኪውልም ቢሻገር አይከብደውም።

መልስ፦ ወለምታ! ተስማምቶኛል። እኔም ከዛሬ ጀምሮ እሱን ነው የምጽፈው።