ስልኬ 0 ሜትር ይላል፣ ሳጥኑ ግን የለም! አሁን ቦታው ላይ ነን

የማለዳ ፀሐይ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከሁለት ልጆቼ ጋር ጂኦካሺንግ (ሰው የደበቀውን ሳጥን በጂፒኤስ ፈልጎ የማግኘት ጨዋታ) ወጥተን ቦታው ላይ ቆመናል። ስልኬ 0 ሜትር ይላል። ሳጥን የሚባል ነገር ግን የለም! 50 ደቂቃ ሙሉ ፈለግን። ድንጋዩን አንድ በአንድ አንስተን መለስን። የዛፎቹን ሥር ዳበስን። አግዳሚ ወንበሩን ከሥሩ አየን። የሳጥኑ ኢንተርኔት ገጽ ላይ የአፈላለጉ ክብደት 1.5፣ የመንገዱ 2 ነው የሚለው፤ ከ5። ቀላል መሆን ነበረበት። ከሦስት ቀን በፊት አንድ ሰው አግኝቶት ጽፏል። ጂፒኤሴ ተበላሽቶ ነው ወይስ ሳጥኑ ተሰርቆ? ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት አይሞላም። ቻርጄ 24 ፐርሰንት ነው። ትንሹ ልጄ ማልቀስ ጀምሯል።

ኮምፓስ፦
አይዞሽ። ስልኩን ያዢና አየር ላይ 8 ቁጥር ሣይበት። ሦስት አራት ጊዜ። የስልክ ኮምፓስ ሲዛባ ቀስቱ ወደማይሆን አቅጣጫ ይወስዳል። እኔን ሁሌ ያዳነኝ ይሄ ነው።

ጋሽ ካርታ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ 0 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። ድሮ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ማዛባቱ ቀረ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ጥቁር ባልዲ ጫካ ደብቆ ኮኦርዲኔቱን (የቦታውን ቁጥር) ኢንተርኔት ላይ ጻፈ። ውስጡ መመዝገቢያ ደብተር፣ እርሳስና አንዳንድ ዕቃ ነበረው። በጥቂት ቀን ውስጥ ሰዎች ሄደው አገኙት። ጨዋታችን የተወለደው ከዚያ ነው። ባልዲው ግማሹ መሬት ተቀብሮ ነበር። ዛሬ ግን ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው። ስለዚህ ልጆቹ እንዳይቆፍሩ አደራ።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ሰማዩ ገላጣ ሲሆን እንኳ ስልክ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይሳሳታል። ዛፍ፣ ገደልና ግድግዳ ባለበት ምልክቱ እየነጠረ ስለሚመጣ ይብሳል። ሳጥኑን የደበቀውም ሰው የራሱ ስህተት አለው። ሁለቱ ሲደመሩ ከ10 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። 0 ያለሽ ቦታ የክቡ መሃል ነው እንጂ ሳጥኑ አይደለም። 15 እርምጃ ወጥተሽ ዙሪያውን ፈልጊ።

ፈገግታ፦
ጋሽ ካርታ ባልዲው ጋ ደርሰው እስኪመለሱ ፀሐይዋ ጠልቃ ወጣች! እህቴ፣ ስልኩን ኪስሽ ክተቺው። ከ10 ሜትር በታች ስትደርሺ የሚፈልገው ዓይን ነው። «እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ነፋስ የጣለው እንጨት ዝብርቅርቅ ይላል። ሰው ያስቀመጠው ግን ጎን ለጎን ይተኛል። ተስተካክለው የተደረደሩ ሦስት እንጨቶች ካየሽ ከሥራቸው እይ። ልጆችሽን ደግሞ ወደ ታች አጎንብሰው እንዲያዩ አድርጊ። እነሱ የሚያዩትን እኛ ከላይ አናየውም።

የማለዳ ፀሐይ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። 8ቱን ሠራሁት። 15 እርምጃውንም ዞርን። ምንም የለም። እኔ እንግዲህ ጠፍቷል ነው የምለው። ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ ባለ ክዳን ፕላስቲክ ሳጥንና ደብተር አለኝ። እዚሁ ዛፍ ሥር ባስቀምጠው፣ ስማችንን ጽፈን «አገኘን» ብንል ምን ችግር አለው? ባለቤቱም ይደሰታል፤ ልጆቼም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።

ደንብ አክባሪ፦
እህቴ፣ ይሄን እባክሽ አታድርጊ። ልብሽ ጥሩ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሳጥኑ የባለቤቱ ነው። እሱ ሳይፈቅድ ሌላ ሳጥን ማስቀመጥ ጥገና አይደለም። ያላገኘሽው ነገር የጠፋ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ዋናው ሳጥን እዚያው ቁጭ ብሎ ቦታው ሁለት ሳጥን ይኖረዋል። ቀጣዩ ሰው የትኛውን ይፈርም? ባለቤቱስ የትኛውን ይጠብቅ? በሁለት የተለያዩ ካሾች (የተደበቁ ሳጥኖች) መካከል እንኳ ቢያንስ 161 ሜትር እንዲኖር የተደነገገው እንዲህ እንዳይምታታ ነው።

ካላገኘሽ «አላገኘሁም» ብለሽ ጻፊ። ዲኤንኤፍ (አላገኘሁም ብሎ መጻፍ) ነውር አይደለም። ለባለቤቱም መረጃ ነው። ዲኤንኤፍ ሲደጋገምበት ሄዶ ያያል። ሰው ሁሉ አፍሮ ዝም ካለ ግን ሳጥኑ ጠፍቶ ወር ሙሉ ሰው ይንከራተታል።

የማለዳ ፀሐይ፦
እሺ ይሁን። ግን ልጅ ይዞ ለሚለፋ ሰው ይሄ ደንብ ትንሽ ከበደኝ። አንድ ሰውዬም ውሻውን ይዞ ሁለቴ አልፎ አሁን ቆሞ እያየን ነው። ምን እንደምንሠራ ግራ ገብቶታል መሰለኝ።

ፈገግታ፦
ማግል ገጠመሽ ማለት ነው። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ማግል ይባላል። ፊቱ አትፈልጉ። የጫማ ክር እንደሚያስር ሰው ቁጭ በሉ። ካልሄደ ወይ ከጠየቀ ግን በግልጽ ንገሪው፤ «በጂፒኤስ የተደበቀ ሳጥን እየፈለግን ነው» በይው። ከልጆች ጋር ስላላችሁ ፈገግ ብሎ ነው የሚሄደው። መደባበቅ ነው ሰው የሚያስጠረጥረው።

እግረኛው፦
ኮምፓሱን አስተካክይ። ስልኩን 8 ቁጥር አድርገሽ አዙሪው።

ኮምፓስ፦
እሱን እኮ ብያለሁ፤ አድርጋዋለች። ግን አንድ ጊዜ ደግማ ብትሞክረው አይጎዳም።

ባለ ደብተሩ፦
ቆይ እስቲ። ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ። ፍንጩ ምን ይላል? ገጹ ላይ ፊደሉ ተዛውሮ የተጻፈ መስመር አለ። እያንዳንዱ ፊደል በ13 ቦታ የተገፋ ነው። ነካ ስታደርጊው ይፈታል። ሳጥኑስ መጠኑ ምን ያህል ነው?

የማለዳ ፀሐይ፦
አዎ አንብቤዋለሁ። «ከእንጨት ድልድዩ በግራ በኩል» ነው የሚለው። እዚህ ድልድይ የለም። ፈርሶ ይሆናል ብለን ተውነው። መጠኑ መካከለኛ ነው የሚለው።

ባለ ደብተሩ፦
ድልድይ የለም? ወንዝስ? ቦይስ አለ?

የማለዳ ፀሐይ፦
የለም። ሜዳና ዛፍ ነው። ለምን?

ባለ ደብተሩ፦
እህቴ፣ ሳጥኑ ከ1 ሊትር በላይ ነው። አፈላለጉ 1.5 ነው። ከሦስት ቀን በፊት ተገኝቷል። ያን የሚያህል ሳጥን 50 ደቂቃ አይሰወርም። ድልድይ ደግሞ በሦስት ቀን ከነውሃው አይጠፋም። የቆማችሁት ሌላ ቦታ ነው። ጂፒኤሱ አልተበላሸም፤ የነገርሽው ቦታ ጋ በትክክል አድርሶሻል። ቁጥሩን እንዴት አስገባሽው? ዲግሪውን እዚህ አትጻፊ፤ የሳጥኑ ቦታ በየሰው ፊት አይለጠፍም። ከዲግሪው ቀጥሎ ያሉትን ብቻ ንገሪኝ።

የማለዳ ፀሐይ፦
በጨዋታው አፕ አይደለም የሄድኩት። ስልኬ ላይ ባለው ካርታ በእጄ ጻፍኩት። ሰሜን 23.456፣ ምሥራቅ 41.010 ነው ገጹ ላይ ያለው። ካርታው ዲግሪ፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ የሚል ሦስት የቁጥር መጻፊያ ሣጥን አወጣልኝ። 23፣ ከዚያ 45.6 አልኩት። ለምሥራቁም 41፣ ከዚያ 01.0። ትክክል አይደለም እንዴ?

ባለ ደብተሩ፦
ተገኘ! ስህተቱ እዚህ ነው። 23.456 የሚለው ሙሉው ደቂቃ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው የደቂቃ ክፍልፋይ ነው እንጂ ሰከንድ አይደለም። አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ ስለሆነ ያስገባሽው 45.6 ሰከንድ 0.760 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ካርታው 23.760 ወስዶሻል። ልዩነቱ 0.304 ደቂቃ ነው። ወደ ሰሜን ወይም ደቡብ ስንሄድ አንድ ደቂቃ 1852 ሜትር ገደማ ነው። በ0.304 ስታበዢው 563 ሜትር! ምሥራቁ ላይ በአጋጣሚ ስህተቱ ከ13 ሜትር አይበልጥም።

ሳጥኑ ከቆምሽበት ወደ ደቡብ 560 ሜትር ገደማ ነው። ካርታው ላይ እዚያ ጋ ውሃና ድልድይ አለ ወይ? እስቲ እዪው።

የማለዳ ፀሐይ፦
አለ!!! ቦይ አለ፣ ትንሽ መሻገሪያም ይታያል። እግዚአብሔር ይስጥህ! አሁን ምን ብዬ ልጻፈው?

ጋሽ ካርታ፦
ጎበዝ ባለ ደብተሩ። እኔ ስለ 10 ሜትር ሳወራ ልጅቷ 563 ሜትር ርቃ ነበር። ልጄ፣ ቀላሉ መንገድ ደቂቃውን ለ60 ማካፈል ነው። 23.456 ለ60 ሲካፈል 0.390933 ይመጣል። 41.010 ደግሞ 0.6835። ዲግሪሽን ጻፊና ከነጥቡ በኋላ እነዚህን አስከትይ። ደቂቃና ሰከንድ የሚሉትን መጻፊያ ሣጥኖች አትንኪያቸው። ስልክሽ ቦታ የሚለካበት ሥርዓት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት) መሆኑን እይ። ብዙ ጊዜ ራሱ ነው፤ የእጅ ጂፒኤስ ላይ ግን ተቀይሮ ሊገኝ ይችላል።

ደንብ አክባሪ፦
አየሽ እህቴ፣ ያንን ሳጥን አስቀምጠሽ ቢሆን ከዋናው ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ማንም የማያውቀው ፕላስቲክ ዛፍ ሥር ይቀር ነበር። ለወቀሳ አይደለም። እኔም ስጀምር አንድ ቦታ ላይ ይህንኑ አድርጌ ባለቤቱ ዋናውን ሳጥን ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የምከራከረው።

የማለዳ ፀሐይ፦
አዎ፣ አሁን ገባኝ። አንተም ልክ ነህ። እየሄድን ነው። ቻርጅ 13 ፐርሰንት። ዳታ ባጠፋ ጂፒኤሱ ይቆማል?

ኮምፓስ፦
አይቆምም። ጂፒኤስ የሚቀበለው ከሳተላይት ነው፤ ዳታ አይፈልግም። ካርታው አንዴ ከተከፈተልሽ ዳታውን አጥፊ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺ። ፍንጩንም አሁኑኑ በወረቀት ጻፊው። ድልድዩን ካየሽ በኋላ ስልክ አያስፈልግሽም።

ፈገግታ፦
አንድ ነገር ብቻ። ከጨለመ ተዉት። ቦይ አጠገብ ከልጅ ጋር በጨለማ አይፈለግም። ሳጥኑ ነገም እዚያው ነው።

እግረኛው፦
ካገኛችሁት፣ ልጆቹ ዕቃ ሊወስዱ ሲፈልጉ በምትኩ እኩል ወይም የተሻለ ዋጋ ያለው ይተዉ። ምግብ በፍጹም አይቀመጥ፤ አውሬ ሽታውን ተከትሎ ሳጥኑን ይሰብረዋል። ቁጥር የተቀረጸበት ብረት ዕቃው ላይ ከተንጠለጠለ ትራቭል በግ (Travel Bug) የሚባለው ነው። እሱ ስጦታ አይደለም፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚጓዝ ነው። ቀጣዩ ሳጥን ጋ የምታደርሱት ከሆነ ብቻ ውሰዱት። ቁጥሩን ግን ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። ክዳኑን ደግሞ ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉ። ጨርሳችሁ ስትሄዱ ልክ እንዳገኛችሁት ደብቁት። «የተሻለ ቦታ» እያሉ ማዛወር ነው ስንቱን ሳጥን ያጠፋው።

የማለዳ ፀሐይ፦
እሺ። ትልቋ ልጄ ከቤት ያመጣችው ትንሽ መኪና አለ፣ እሱን ትተዋለች። ከሩቅ ድልድዩ ይታያል መሰለኝ። ቻርጅ 9። እመለሳለሁ።

ባለ ደብተሩ፦
በርቱ። ከድልድዩ በግራ የሚለው ከየትኛው ጫፍ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁለቱንም እዩ።

ጋሽ ካርታ (በማግሥቱ)፦
ልጄ፣ ደህና ገባችሁ ወይ? አገኛችሁት?

ባለ ደብተሩ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦
እኔም እየጠበቅሁ ነው። የማለዳ ፀሐይ፣ አላገኘንም ብትዪም ደስ ይለናል። ደህና መሆናችሁን ብቻ ንገሪን።

አዲሱ ፈላጊ፦
ሰላም። ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔንም ልክ እንደዚህ ነው የሆነብኝ፤ ስልኬ ወንዝ መሃል ያሳየኛል። የሰሜኑ ቁጥር 07.052 ነው። 7 ደቂቃ ከ05.2 ሰከንድ ብዬ ነው ያስገባሁት። የእኔስ ስንት ሜትር ተሳሳተ?

ባለ ደብተሩ፦
05.2 ሰከንድ 0.087 ደቂቃ ገደማ ነው። ከ0.052 ያለው ልዩነት 64 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ውሃ ውስጥ ከገባህ ውጣ። ወደ ደቡብ ነው።