ሎው ፊውዙን ኤፍኤፍ ብዬ ጻፍኩበትና ቺፑ ጭጭ አለ

ጫጩት ጠባቂ፦
ሰላም ናችሁ? ለእማዬ የእንቁላል መፈልፈያ የሙቀት መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው። አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ኡኖዬን እዚያ ሣጥን ውስጥ መቅበር ግን አሳሳኝና ባዶ ኤቲሜጋ328ፒ (የኡኖው ዋና ቺፕ) ገዝቼ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ተከልኩ። ክሪስታል (የቺፑን የፍጥነት ምት የሚሰጠው ክፍል) አላደረግኩለትም። ኮዱን ለ8 ሜጋኸርዝ ኮምፓይል አድርጌ በኡኖው በኩል ጫንኩት። ለአንድ ሴኮንድ መብራት የነበረበት ኤልኢዲ 8 ሴኮንድ ይበራል። ሲሪያል ሞኒተሩ የሚያወጣውማ ግእዝም ላቲንም አይደለም።

የቺፑ ፊውዝ ይቀየር ሲባል አነበብኩና የኡኖን ቁጥር፣ ኤፍኤፍን (በሄክስ፣ በ16 ቤት አቆጣጠር)፣ ገልብጬ ሎው ፊውዙ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ኤቪአርዱድ (ኮድ መጫኛው ፕሮግራም) የቺፑን መለያ ቁጥር ሲጠይቀው መልሱ ዜሮ ብቻ ነው። ሽቦውን ሦስቴ ነቅዬ ሰካሁ። ያለኝ ቺፕ ይኼው አንድ ነው፣ እማዬን ደግሞ ቅዳሜ እንቁላል ይገባል ብያታለሁ። አቃጠልኩት?

ጋሽ ብየዳ፦
አይዞህ፣ አልተቃጠለም። ስሙ ነው ሰው የሚያሳስተው። ይኼ እንደ ቆጣሪ ፊውዝ የሚቃጠል ሳይሆን ኃይል ሲቋረጥም የማይጠፋ፣ ቺፑ ሲነሳ በምን ክሎክ (የፍጥነት ምት) እንደሚሄድ የሚነግረው ባይት ነው። ፍላሹን (ኮዱ የሚቀመጥበትን) ብታጠፋ እሱ አይጠፋም።

ከፋብሪካ ሲመጣ ሎው ፊውዙ በሄክስ 62 ነው፦ የውስጡ 8 ሜጋኸርዝ ለ8 ተካፍሎ 1 ሜጋኸርዝ። 8 ሴኮንድህ ከዚያ መጣች። ኢ2 ብትጽፍ ማካፈሉ ብቻ ይቀር ነበር። ኤፍኤፍ ግን የውጭ ክሪስታል ጠብቅ ማለት ነው፤ ክሎክ ከሌለ ደግሞ ፕሮግራመሩንም (ኮድ የጫንክበትን ኡኖ) አይሰማም። 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል እግር 9 እና 10 ላይ፣ ከሁለት 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጋር ወደ ግራውንድ (የኃይሉ ኔጌቲቭ) ስካ። ኢ2 ጻፍና ክሪስታሉን ንቀለው።

ጫጩት ጠባቂ፦
ጋሼ፣ ክሪስታል የለኝም። አንድ ናኖ (ትንሹ አርዱይኖ) ግን አለኝ።

ሽቦ በሽቦ፦
ይበቃሃል። የናኖውን ታይመር 1 (የውስጥ ቆጣሪውን) በሲቲሲ ሞድ ፒን 9ን እንዲያገላብጥ አድርገው፣ ኦሲአር1ኤ (የቆጣሪው ጣሪያ) ዜሮ ይሁን፤ 8 ሜጋኸርዝ ይወጣል። ከናኖው ፒን 9 ወደ ቺፑ እግር 9። ግራውንዳቸውን አገናኝ! እኔ እሱን ረስቼ አንድ ሌሊት ሙሉ አልቅሻለሁ።

እግረ መንገድህን፣ የሙቀቱን ልክ ኢኢፕሮም (ኃይል ሲቋረጥ የማይጠፋው የቺፑ ማስታወሻ) ላይ የምታስቀምጥ ከሆነ ሌላውን ፊውዝ፣ ኤክስቴንድዱን፣ ኤፍዲ አድርገው። ቮልቴጁ ከ2.7 ቮልት ሲወርድ ቺፑን ሪሴት ላይ (አስቁሞ) ይይዘዋል። ይኼ ጥበቃ ከፋብሪካ ዝግ ነው የሚመጣው፤ መብራት ሲንገዳገድ ቺፑ እየቃዠ 37.5 ዲግሪ ያልከውን ሌላ ቁጥር ሊያደርገው ይችላል።

ጋሽ ብየዳ፦
ሦስተኛውን፣ ሃይ ፊውዙን ግን አትንካ። በእሱ ሪሴት እግሩን ከዘጋህ ናኖም አያድንህም።

ጫጩት ጠባቂ፦
1ኢ 95 0ኤፍ! መለያው መጣ! ኢ2ም ኤፍዲም ጻፍኩ፣ ኤልኢዲው በሴኮንዱ ብልጭ ይላል። እግዜር ይስጥልኝ። እማዬ ግን ሐሙስ ዕለት እንቁላሉን ዶሮዋ ሥር አድርጋዋለች።