እሳት ከነካው የማር ማጣሪያ ቤት ምኑ ይተርፋል?

ጠያቂ (ጎንደር፣ አዘዞ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ከጎረቤት ማድቤት የተነሣ እሳት አጥር ተሻግሮ ማር የማጣራበትን ቤት ያዘው። ቀፎዎቼ ደንቢያ ስለሆኑ ንቦቹ ደኅና ናቸው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ የባሕር ዛፍና የቆርቆሮ ጣሪያው ግን ግማሹ ወርዷል። ሰሙ ቀልጦ ወለሉ ላይ ረግቷል። ማር የያዙት የፕላስቲክ ባልዲዎች አልተቃጠሉም፤ ጥላሸት ለብሰዋል፣ ጥቂቶቹም ጎብጠዋል። የጥቅምት ማር ሳይደርስ ከምን ልጀምር? ማሩስ ይሸጣል?

አንድ አባል፦ እንኳን ሰው ተረፈ። ኢንሹራንስ ካለሽ መጥረጊያ እንዳታነሺ! ሁሉንም ፎቶ አንሺ፣ ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ከፖሊስ ማስረጃ ያዢ፤ ገማቹ ሳያይ ምንም አይጣል። ኢንሹራንስ ባይኖርሽም ከጎረቤትሽ ጋር ለሽምግልና ስትቀመጪ የፖሊሱ ወረቀት ያስፈልግሻል።

ንብ አናቢ፦ የጎበጡትን ባልዲዎች ለይተሽ አውጫቸው። ማር ሙቀት ሲመታው ኤችኤምኤፍ የሚባል ውሕድ ይበዛበታል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ያስቀመጠው ወሰን በኪሎ 40 ሚሊግራም ነው፤ ከሞቃታማ አገር ለሚመጣ ማር 80። ይህ በምላስ አይለይም፣ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። ለንቦቹ ልቀልበው እንዳትዪ፤ እነርሱን ይገድላቸዋል። ያልጎበጡትን ደግሞ ክዳኑን ከውጭ አጥበሽ ካደረቅሽ በኋላ ብቻ ክፈቺ። ማር ሽታ ይስባል፤ ጢስ ጢስ ካለ አይሸጥ።

ሌላ አባል፦ ለጠጅ ቤት ይሸጥ እንጂ! ጋኑስ ይታጠን የለ?

ንብ አናቢ፦ የወይራ ጢስና የተቃጠለ ፕላስቲክ ጢስ አንድ ነው እንዴ? ጠጪውን እዘኑለት። ሰሙን በተመለከተ፣ ቀዝቅዞ እንዳለ ፍቀሽ ሰብስቢው። የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ የፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ድስት ይበቃዋል፤ በቀጥታ እሳት ላይ እንዳይጣድ። ጥላሸት የገባበት ሰም ወደ ቀፎ አይመለስ።

ግንበኛ፦ የተረፈውን ባሕር ዛፍ ከሰሉ እስኪያልቅ በመጥረቢያ ፋቂው፤ ጤነኛው እንጨት ቀጭን ሆኖ ከተገኘ ይቀየር። ኮንክሪቱ ወደ ሮዝ ካደላ ከ300 ዲግሪ በላይ ሞቋል ማለት ነውና ባለሙያ ሳያየው ጣሪያ አይጫንበት። የመብራት ሽቦው ደኅና ቢመስልም ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ጥላሸቱን በደረቅ ብሩሽ ሳታራግፊ ውኃ ብታስነኪው ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሩን የምናወጣበት የማይዝግ ብረት በርሜልስ? ጎኑ ሰማያዊ ሆኗል።

ግንበኛ፦ ሰማያዊው እሳት የነካው ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ብረቱ ዝገት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ብረት የሚወለውል ባለሙያ ፈትጎ ያንጣው። ከዚያ ውኃ ሞልተሽ አሳድሪው፤ ዝገት ካሳየ ማር አይግባበት።