ከጎኑ ላውንደሪ የነበረ ሱቅ፣ «መሬቱን ባክቴሪያ እያጸዳው ነው» አሉኝ፣ ልፈርም?

ቡና_በሜሪላንድ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ትንሽ ካፌ ለመክፈት ቦታ ስፈልግ ከርሜ አሁን አንድ የሚሆነኝ አገኘሁ። ፓርኪንግ አለው፣ ኪራዩም ከሰፈሩ ረከስ ይላል። ለምን እንደረከሰ ግን ወረቀቱን ሳገላብጥ ገባኝ። ከጎን ያለው ሱቅ ለብዙ ዓመት ድራይ ክሊኒንግ ነበር፣ የሚያጥቡበት ኬሚካል ወደ መሬት ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃውን በክሎታል። አከራዩን ብጠይቀው «አትጨነቂ፣ ባክቴሪያ ተጨምሮበታል፣ ይበላዋል» ብሎ ነገሩን ቀለል አደረገው።

ጓሮው አስፋልት ላይ ክብ ክብ የብረት ክዳኖች አሉ። ባለፈው ደግሞ ሠራተኞች መጥተው ወተት የሚመስል ነገር በቱቦ ወደ መሬት ሲያስገቡ አየሁ። እኔ የማውቀው ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ሲገባ ሰው እንደሚታመም ነው! እውነት እንዲህ የሚባል ነገር አለ ወይስ እያሞኘኝ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ቶሎ ወስኚ እያሉኝ ነው።

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

እህቴ፣ አላሞኘሽም። ግን ግማሹን ነው የነገረሽ።

ሥራዬ ይሄው ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው። ላውንደሪ ቤቶች የሚጠቀሙበት ኬሚካል ፐርክ ይባላል። ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሸክላ ስንጥቅ ውስጥ ይወሸቃል፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ እየሟሟ ውሃውን ለአሥርት ዓመታት ይበክላል። ድሮ ውሃውን በፓምፕ እያወጡ ማጣራት ነበር ዘዴው። ያ ብክለቱ እንዳይስፋፋ ይይዘዋል እንጂ አይጨርሰውም፣ ፓምፑ ሲቆም መጠኑ ተመልሶ ይወጣል።

ባክቴሪያዎቹ ደግሞ በትክክል ከተነገረ ፐርኩን አይበሉትም፣ ይተነፍሱታል። እኛ ኦክስጅን እንደምንተነፍሰው ማለት ነው። ምግባቸው ሃይድሮጅን ነው። ያየሽው ወተት መሳይ ነገር ብዙውን ጊዜ ከውሃ ጋር በደንብ የተመታ የአኩሪ አተር ዘይት ነው፤ እሱ ከመሬት በታች ሲብላላ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ሃይድሮጅንም ይወጣል፣ እነሱም በዚያ ይኖራሉ። ዋናው ባክቴሪያ ዲሃሎኮኮይደስ ይባላል። ፐርክን እስከ መጨረሻው ማፍረስ የሚችለውን የመጀመሪያውን ዝርያ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ሲሆን፣ የተገኘው ኒውዮርክ ውስጥ ኢታካ ከተማ ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ዝቃጭ ነው። ሰው አያሳምምም፣ ኦክስጅን ካገኘው ራሱ ይሞታል።

ሜዳ ላይም ተሞክሯል። ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ኬሊ በተባለው የአየር ኃይል ሰፈር፣ ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ሚሊግራም (1000 ማይክሮግራም) ገደማ የነበረው ፐርክ ባክቴሪያው ከተጨመረ በኋላ በ200 ቀን ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም በታች ወርዷል። 5 ማይክሮግራም አሜሪካ ለመጠጥ ውሃ የፈቀደችው ጣሪያ ነው።

አሁን ያልነገረሽ ግማሽ። ፐርክ አራት ክሎሪን አለው፣ ባክቴሪያዎቹ አንድ በአንድ ነው የሚያነሱለት። ሦስት ይቀራል፣ ሁለት ይቀራል፣ አንድ ይቀራል፣ በመጨረሻ ጉዳት የሌለው ኢቲሊን ይሆናል። ችግሩ አንድ ክሎሪን የቀረው ደረጃ ላይ ነው። ቪኒል ክሎራይድ ይባላል፣ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፣ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደውም 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ማለትም ሥራው መሃል ላይ ከቆመ ከፐርኩ የባሰ ነገር ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ። የሚቆመውም ትክክለኛው ባክቴሪያ ከሌለ፣ ዘይቱ ካለቀ ወይም ውሃው በጣም አሲድ ከሆነ ነው።

ስለዚህ አከራዩን «ባክቴሪያ አለ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂው። የመጨረሻዎቹን የውሃ ምርመራ ሪፖርቶች አምጣ በዪው። እነዚያ የብረት ክዳኖች ናሙና መውሰጃ ጉድጓዶች ናቸው፣ ውጤታቸው በሰንጠረዥ ይቀመጣል። ፐርኩ ወርዶ፣ ቪኒል ክሎራይዱም ወጥቶ ከወረደ፣ ኢቲሊንም ከታየ ሥራው እየሄደ ነው። ቪኒል ክሎራይዱ ከፍ ብሎ ዓመት ካለፈው ግን ተቸክሏል ማለት ነው።

ጠርጣራው፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ለካፌ ግን ሁላችሁም ዋናውን ዘላችሁታል። የቡናሽ ውሃ የሚመጣው ከከተማው ቧንቧ ነው፣ ከሱቁ ስር አይደለም። አንቺን የሚመለከትሽ አየሩ ነው። ፐርክም ሆነ ቪኒል ክሎራይድ ይተናል፣ በወለሉ ስንጥቅና በቧንቧ ዙሪያ ሽቅብ ገብቶ ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል። ጠዋት ገብተሽ ማታ የምትወጪው አንቺ ነሽ፣ ደንበኛማ ማኪያቶውን ጠጥቶ ይሄዳል።

ከወለሉ ስር ያለው አየርና የውስጡ አየር ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቂ። ካልተመረመረ አትፈርሚ፣ አለቀ። ቢገኝበትም የዓለም ፍጻሜ አይደለም፤ ወለሉን በስተው ትነቱን በማራገቢያ ስበው በጣሪያ በኩል የሚያስወጡበት መንገድ አለ፣ ሬደን ለሚባለው ከመሬት ለሚወጣ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ እንደሚሠሩት። ወጪው ግን የአከራዩ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ደግሞ የአካባቢ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሊዙን ይየው፣ ብሩ አያሳሳሽ። ሪፖርቱን «አላውቅም፣ የለኝም» ካለሽ ፋይሉን ከሜሪላንድ የአካባቢ መሥሪያ ቤት በማመልከቻ መጠየቅ ትችያለሽ።

ላውንደሪ ያላችሁ ካላችሁም፦ ፐርክ ከድራይ ክሊኒንግ በ10 ዓመት ውስጥ እንዲወጣ ኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) በዲሴምበር 2024 ደንብ አውጥቷል። ያገለገለ ማሽን በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትገቡበት።

የሐዋሳ_ልጅ፦

ውይይቱ ደስ ይላል። እኔ አገር ቤት ነኝ፣ ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛ፣ ይሄ ባክቴሪያ ለስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ አይሠራም? የሰው ጥርስ በልጅነቱ እየበለዘ ነው። ሁለተኛ፣ ማደያ አጠገብ ያለ የዘመዴ ጉድጓድ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ «ጉድጓዱ ውስጥ የሚበተን ዱቄት አለኝ» እያለው ነው።

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

ፍሎራይድን አይነካውም። ፐርክ የሚፈርስ ሞለኪውል ነው፣ ፍሎራይድ ግን የንጥረ ነገር አዮን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ምንም አይፈርስም። ከውሃው ነጥሎ ማውጣት ብቻ ነው ያለው አማራጭ፣ ለምሳሌ በተቃጠለ አጥንት ከሰል ማጣራት። ባክቴሪያ የሚረዳው ናይትሬት ላይ ነው፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገውን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጠዋል።

ቤንዚን ደግሞ የላውንደሪው ተቃራኒ ነው። የቤንዚን በካዮች በፍጥነት የሚፈርሱት ኦክስጅን ሲኖር ነው፣ ስለዚህ መሬት ውስጥ አየር ይነፋል እንጂ ዘይት አይጨመርም። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ቤሚጂ ከተማ አጠገብ በ1979 እ.ኤ.አ. የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈነዳ። ተመራማሪዎች እስካሁን ይከታተሉታል፣ ማንም ባክቴሪያ ሳይጨምር እዚያው የነበሩት ከድፍድፉ ወደ ውሃው የሟሟውን በካይ እያፈረሱ ብክለቱ ሩቅ እንዳይሄድ ይዘውታል። ኦክስጅን ሲያልቅባቸው በአፈሩ ብረት እየተነፈሱ ጭምር! ግን ድፍድፉ ራሱ አሁንም እዚያው ነው። የጎደላቸው ዱቄት አይደለም። ዘመድህ መጀመሪያ የማደያው ታንክ መፍሰሱ ይጣራለት፣ እስከዚያ ውሃውን አይጠጡ። ማፍላትም መፍትሔ አይደለም፣ ቤንዚኑ ተንኖ ኩሽናው ውስጥ ነው የሚቀረው። ሰውዬውንም ዱቄቱን ይዞ ይሂድ በሉት።

ቡና_በሜሪላንድ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሪፖርቱን አስመጣሁ፣ ፐርኩ በጣም ወርዷል፣ ቪኒል ክሎራይዱ ግን ገና ከፍ እንዳለ ነው፣ ኢቲሊን መታየት ጀምሯል ይላል። የወለል ስር አየር ምርመራ የሚል ቃል አንድ ገጽ ላይ እንኳ የለም። ሳይመረመር አልፈርምም ብዬዋለሁ፣ አኩርፏል።

ጠርጣራው፦

ያኩርፍ። ምርመራው በብርዱ ጊዜም እንዲደገም ጠይቂ፣ ማሞቂያ ሲበራና በር ሲዘጋ ነው ቤቱ ከስር ትነት አብዝቶ የሚስበው።