«የዘመኑ ሰው ነበር» ለእስክንድር መልስ ይሆናል?

መንገደኛው፦
ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ ስለ ታላቁ እስክንድር ይወራ ነበር። አቅራቢው «ገና በ32 ዓመቱ ሲሞት ስልጣኔን ከግሪክ እስከ ህንድ አድርሶ ነበር» አለ። አንድ አድማጭ ደውሎ «የጨረሰውስ ሕዝብ?» አለው። መልሱ «እሱ እኮ የዘመኑ ሰው ነበር» ብቻ ሆነ። ከዚያ ሙዚቃ ገባ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ335 ቴብስን ሲያፈርስ 6000 ሰው ሞተ፣ 30,000 ለባርነት ተሸጠ። ቴብስ ደግሞ የግሪኮች ከተማ ናት። ይሄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል?

እስኬው፦
ይታለፋል፣ እውነት ስለሆነ። የ2300 ዓመት ሰው በዛሬ ሕግ አይከሰስም። ያኔ ከተማ ከተሸነፈ ወንዱ ይገደላል፣ ሴትና ልጅ ይሸጣል። ዲሞክራሲ ፈጠሩ የምትሏቸው አቴናውያን ሜሎስን በ416 እንዲሁ አድርገዋታል። ስለ ቴብስ ደግሞ ፍርዱን የሰጡት አብረውት የዘመቱት ጎረቤቶቿ ናቸው። የቆየ ቂም ነበራቸው። ይህን ሳያነሱ 30,000 የሚለውን ብቻ መዝዞ መጮህ ልክ አይደለም።

የስድስት ኪሎዋ፦
እስኬው፣ ጦሩን እዚያ ያደረሰው ማነው? «እናንተ ፍረዱ» ብሎ ለጠላቶቿ የሰጣትስ? የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ራሱ በኋላ በቴብስ እንደተጸጸተ ይነግሩናል። ዘመኑ ትክክል ነው ካለው ጸጸቱ ከየት መጣ?

እስኬው፦
ጸጸቱ ትልቅ ሰው መሆኑን ነው የሚያሳየው። የገጣሚው የፒንዳርን ቤት አትንኩ ብሎ ያስተረፈም እሱ ነው።

መንገደኛው፦
አንድ ቤት ተረፈ። ሌላው ከተማ ፈረሰ።

የሱር ወዳጅ፦
እኔ ሊባኖስ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ጢሮስ የሚላትን እዚያ ሱር ይሏታል። አንድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ባህሩ ዳር ቆሜ አየኋት። በመኪና ነው የገባነው፤ ደሴት ነበረች ብትሉኝ አላምንም ነበር። እስክንድር በ332 ሰባት ወር ከብቧት፣ ድንጋይና እንጨት ባህር ውስጥ እየከመረ መንገድ ሠራ። በዚያ ክምር ላይ አሸዋው ለዘመናት ተጠራቅሞ ነው ደሴቷ ከየብስ የተጣበቀችው። ዛሬ ሕንጻና ሱቅ፣ ሰፈር ቆሞበታል። አስጎብኚው ሲነግረን እግሬ ስር አየሁ። ከተማዋ ስትያዝ 8000 ሞቱ፣ 30,000 ተሸጡ ይላል አሪያን። ኩርቲየስ የሚባለው ጸሐፊ ደግሞ 2000 ሰው ባህር ዳር ላይ ተሰቀለ ይላል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ «ታላቁ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

እስኬው፦
እህቴ፣ አዝናለሁ። ግን ጢሮሶች መልእክተኞቹን ገድለው ከግንቡ ወደ ባህር መወርወራቸውን አስጎብኚው አልነገረሽም?

የሱር ወዳጅ፦
ነግሮኛል። የተሸጡት 30,000 ሰዎች ግን መልእክተኛ አልገደሉም። ሕጻናትም ነበሩባቸው።

ጋሽ ወልዴ፦
ልጆች፣ እኔ በዕድሜዬ አንድ ነገር ላክል። እስክንድር ባይነሳ እስክንድርያ አትኖርም። እስክንድርያ ባትኖር የሰባ ሊቃናት ትርጉም እዚያ አይሠራም። የእኛ ብሉይ ኪዳን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከዚያ ከግሪኩ ነው። ጳጳሳት ለ1600 ዓመት ገደማ የመጡልን ከእስክንድርያ ነው። ይህን ሰው «ገዳይ» ብሎ መዝጋት ውለታ መርሳት ነው። ዳንኤልም በራእዩ ከምዕራብ የመጣውን አውራ ፍየል አይቶታል።

የስድስት ኪሎዋ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምመልሰው። ዳንኤል ያየው ፍየል እኮ አውራውን በግ ይወጋል፣ ይጥላል፣ ይረግጣል። ቀንዱ በተሰበረ ጊዜ አራት ቀንዶች ይወጣሉ። ራእዩ ምስጋና አያነብም። ስለ እስክንድርያ ግን እውነትዎን ነው። እሱ በ331 ቦታውን መርጦ ሄደ፤ ዳግም በሕይወት አላያትም። ያቀኗት ጦር አለቃው በጥሊሞስና ልጆቹ ናቸው።

ጋሽ ወልዴ፦
በጥሊሞስ የማን ሎሌ ነበር? የዘራውን ትተሽ ያጨደውን ብቻ ታመሰግኛለሽ?

አዱሊስ፦
የጋሽ ወልዴን ሐሳብ እደግፋለሁ። የሦስተኛው በጥሊሞስ የድንጋይ ጽሑፍ እኮ አዱሊስ ላይ ቆሞ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አይቶ ገልብጦታል። ኢዛና ድሉን ያስጻፈው በግዕዝ ብቻ አይደለም፣ በግሪክም ነው። የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ያለው ጽሑፍ ግሪክ ነው። ስልጣኔ አደረሰ ሲባል ይሄ ነው። ለእኛም ደርሷል።

መንገደኛው፦
«ስልጣኔ አደረሰ» ነው ያልከው? ለእነማን? ፋርሶች ስልጣኔ አልነበራቸውም? የፋርስ ነገሥታት ከተማ በነበረችው ፐርሰፖሊስ ውስጥ ከ30,000 የሚበልጡ የሸክላ ጽሑፎችና ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። የሠራተኛ ቀለብ የተመዘገበባቸው ናቸው። ማን ስንት እህል ወሰደ፣ ማን ስንት ወይን። ለወለደች ሴት ተጨማሪ ቀለብ ይሰጣል። ይህ ከእስክንድር መቶ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት ነው። አራስ የሚቀልብ መንግሥት ስልጣኔ እስኪመጣለት አይጠብቅም። እሱ ደግሞ በ330 ቤተ መንግሥቱን አቃጠለው።

አዱሊስ፦
አክሱምን ጥዬ ስለ ፋርስ አላወራሁም። ቋንቋው ደርሷል ነው ያልኩት።

መንገደኛው፦
ቋንቋው ወደ አዱሊስ የመጣው በነጋዴ መርከብ ነው። ማንም በጦር አላመጣብንም። ኢዛና ወዶ ጻፈበት። ልዩነቱ እኮ ይሄ ነው።

እስኬው፦
ፋርሶችም አቴናን በ480 አቃጥለው ነበር። የዚያ ብድር ነው። በዘመኑ ብድር መመለስ ክብር ነው።

የስድስት ኪሎዋ፦
እንደገና «በዘመኑ»። እሺ፣ በዘመኑ ሰዎች እንለካው። ፐርሰፖሊስን አታቃጥል ያለው ማነው? የራሱ ጦር አለቃ ፓርሜንዮን። የራስህን ንብረት ለምን ታጠፋለህ ነው ያለው። ያ ሽማግሌ ደግሞ ልጁ ፊሎታስ በሴራ ተከሶ ከተገደለ በኋላ፣ ምንም ሳይጠየቅ ኤክባታና ላይ አስገደለው። የሰባ ዓመት ሰው ነው። ለእሱና ለአባቱ ለፊልጶስ ዕድሜውን የጨረሰ።

እስኬው፦
ጥፋት እንዳልነበረበት በምን አወቅሽ? ልጁን የገደልክበት ጦር አለቃ ከነሠራዊቱ ከኋላህ ቢቀመጥ አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር?

የስድስት ኪሎዋ፦
ስለዚህ ፈርቶ ገደለው። ይህን ካመንን ይበቃኛል። የህንዱንም ልጨምር። ማሳጋ በምትባል ከተማ ላይ፣ ለከተማዋ ሲዋጉ የነበሩትን ቅጥር ወታደሮች ቃል ሰጥቶ ከወጡለት በኋላ መንገድ ላይ ጨረሳቸው። ከልቡ የሚያደንቀው ፕሉታርክ እንኳ በጦር ታሪኩ ላይ እንደ ነቁጥ ቀረ ብሎ ነው የጻፈው።

እስኬው፦
ያዝኩሽ! ፕሉታርክ የጻፈው ከ400 ዓመት በኋላ ነው። ያ የእሱ ዘመን አይደለም። በራስሽ መለኪያ ወደቅሽ።

የስድስት ኪሎዋ፦
እውነት ነው፣ ፕሉታርክን አንስቻለሁ፤ እተወዋለሁ። ክሌይቶስን ግን አልተውልህም። ግራኒቆስ ወንዝ ላይ የእስክንድርን ራስ ሊቀነጥስ የተሰነዘረውን ሰይፍ ክንዱን ከነሰይፉ ቆርጦ ያዳነው ክሌይቶስ ነው። ስድስት ዓመት አልፎ፣ ዛሬ ሳማርካንድ በምትባለው ከተማ ግብዣ ላይ ሁሉም ጠጥቷል። አዝማሪው ለንጉሡ ያጫፍራል። ክሌይቶስ ተነስቶ ድሉ የመቄዶንያውያን ነው፣ አባትህን አትናቅ አለው። ወዳጆቹ ጎትተው አስወጡት፤ ተመልሶ ገባ። እስክንድር ከጠባቂው ጦር ነጥቆ ወጋው። ከዚያ ምን ሆነ? ሦስት ቀን ሳይበላ ሳይጠጣ ተኝቶ አለቀሰ። የዘመኑ ልክ ይህ ቢሆን ኖሮ አልቅሶ አይተኛም ነበር። ራሱ ያውቅ ነበር። ክሌይቶስም ያውቅ ነበር፣ ለዚያም ነው የሞተው። «የዘመኑ ሰው» ስንል እስክንድርን ብቻ ለምን እናያለን? ክሌይቶስም የዚያው ዘመን ሰው ነው።

የሱር ወዳጅ፦
ይሄን አንብቤ ዝም አልኩ። ጢሮሶችም የዘመኑ ሰዎች ነበሩ።

ጋሽ ወልዴ፦
ልጄ፣ ይህን ደህና አድርገሽ ተናገርሽ። ግን የፋርሱን ንጉሥ የዳርዮስን እናት ሲሲጋምቢስን አትርሺ። የማረካት እሱ ነው፣ እንደ እናት ያከበራትም እሱ ነው። መሞቱን ስትሰማ እህል አልቀምስም ብላ ሞተች ይባላል። የጠላት እናት እንዲህ የምታዝንለት ሰው ሙሉ በሙሉ ክፉ አይሆንም።

መንገደኛው፦
ጋሼ፣ ሙሉ በሙሉ ክፉ ነው ያለ የለም። እኔ የጠየቅኩት ጥያቄው ለምን ይዘጋል ብዬ ነው።

እስኬው፦
አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ስም ያወጡልኝ አያቴ ናቸው። በግዕዝ ያለውን የእስክንድርን ዜና በልጅነታቸው ሲነበብ ሰምተዋል። እዚያ እስክንድር ይጸልያል፣ ይጾማል፣ ጎግና ማጎግን በበር ይዘጋባቸዋል። እናንተ የምታወሩት ሰካራም ሌላ ሰው ነው።

የስድስት ኪሎዋ፦
እስኬው ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፣ ሌላ ሰው ነው። ያ ዜና ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስ አባቶቻችን አጥምቀውታል። የአያትህ እስክንድር የእኛ ነው፣ ውብ ነው። ስለ እሱ ማንም አልተከራከረም።

አዱሊስ፦
ያ ሲሆን እስክንድርን የእኛ የማድረግ መብት አለን ማለት ነው። ያኔ መቄዶንያ በምትባለው አገር ዋና ከተማ በስኮፕዬ በ2011 እ.ኤ.አ. በፈረስ የተቀመጠ ትልቅ ሐውልት ሲያቆሙለት ግሪኮች የእኛን ሰው ሰረቃችሁ ብለው አልተቆጡም? የስማቸው ጠብ የተፈታው በ2018 በተፈረመው ስምምነት ነው፣ አገሪቱም ሰሜን መቄዶንያ ተባለች። ሁሉም ይሻማበታል።

መንገደኛው፦
ስኮፕዬን ተዋት፤ ወደ ጥያቄዬ ተመለስ። ለደወለው አድማጭ ምን ይባል?

እስኬው፦
የዘመኑ ሰው ነበር።

የስድስት ኪሎዋ፦
ክሌይቶስስ?

እስኬው፦
አያቴን ጠይቄ እመለሳለሁ።