«ጤዛ»ን ከእናቴ ጋር ልየው?

ጥያቄ

ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር አንድ ኢትዮጵያዊ ፊልም እናያለን፤ ከዚያም ቡና አፍልተን ስለ ፊልሙ እንጨዋወታለን። የጀመርነው እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል በታየው በያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነበር። እናቱን በሞት ያጣው ትንሹ ኤፍሬም ከአባቱ ተለይቶ ዘመድ ቤት ሲቀመጥ፣ ከበጉ ከቹኒ በቀር የልቡን የሚያዋየው የለም። በእኔ አስተያየት ካሜራው አረንጓዴውን ተራራ ከሚገባው በላይ ያደንቃል፤ ልጁ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እውነተኛ ነው። ምግብ ማብሰል በመውደዱ አጎቱ ሲቆጣው፣ እናቴ የጎረቤት ልጅ የተበደለ ይመስል ተከራከረችለት።

ቀጥሎ ያየነው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጠላፊዋን በጥይት ገድላ በተከሰሰች የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጀግንነትንም መደፈርንም በአንድ ቃል የያዘው ርእሱ ብቻውን ብዙ ያሳስባል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ትዕይንት ከፍርድ ቤቱ ክርክር ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ክፉ ሆነው አልተሣሉም፣ ሁሉም በአባቶቻቸው ሕግ ከልባቸው ያምናሉ፣ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። የሚቆጨኝ ግን ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ጠበቃዋ እየጎላች ልጅቷ እየደበዘዘች መምጣቷ ነው።

አሁን ተራው የደርግን ዘመን የሚያነሣው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ለብቻዬ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በአማርኛ ከተሠሩት ፊልሞች የሚስተካከለው አላገኘሁም። ይሁን እንጂ የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ከቤት ተወስዶ በዚያው ቀርቷል፤ እርሷም ስለዚያ ዘመን አታወራም። ፊልሙን ያን ዘመን ካሳለፈ ሰው ጋር ያያችሁት ካላችሁ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1

እህቴ፣ እኔ ከአባቴ ጋር አይቼዋለሁ። «ጤዛ» ግድያን ለማሳየት የተሠራ ፊልም አይደለም። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር አንድ እግሩን በጀርመን አጥቶ ጣና አጠገብ ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ሲመለስ የደረሰበትን ሁሉ አያስታውስም፤ ትዝታው ተቆራርጦ፣ ሳይጠራው፣ በሕልሙና በውኑ መካከል ይመጣበታል። ብዙ ሰዎች «ይዘበራረቃል» ሲሉ እሰማለሁ። አባቴ ግን ታሪኩን ለመከተል አንድም ጊዜ አልተቸገረም፤ ለእርሱ ያ ዘመን በቅደም ተከተል ተሰድሮ የሚተረክ ሆኖ አያውቅም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ማግኘቱን አውቅ ነበር፤ የአሠራሩ ጥበብ በእርግጥ የገባኝ ግን በዚያ ምሽት ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ነው። የጓደኛው የተስፋዬ መጨረሻ ከባድ ስለሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ከከበዳቸውም መሐል ላይ ለማቆም ይዘጋጁ።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠውን ምክር አከብራለሁ፤ ነገር ግን «ጤዛ» ከአንድ ሐዘን ወደ ሌላው ይወስዳል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወታደሮች ወጣቶችን ለጦርነት ወደሚያፍሱባት መንደር። ማረፊያ የለውም። ስለዚህ የዚሁ አዘጋጅ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይቅደም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1974፣ የዘውዱ ሥርዓት ሲናወጥ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጢሰኞቹን ይሳደባል፤ ገበሬው እርፉን ጨብጦ በበሬዎቹ ኋላ ይሄዳል፤ መንደሩ እብድ የሚለው፣ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ ብቻ እውነቱን በአደባባይ ይናገራል። በእኔ ሚዛን ከ«ጤዛ» ይበልጣል፤ «ጤዛ» አንዳንድ ጊዜ በገጸ ባሕርያቱ አፍ ያስረዳናል፣ ይህኛው ግን አሳይቶን ዝም ይላል። ርዝመቱ ከ«ጤዛ» ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ እርሻውና ከብቱ ግን ተመልካቹን ያሳርፉታል፤ ገጠርን ለሚያውቁ እናቶች ደግሞ የሚያወሩት ብዙ ይሰጣቸዋል።

መልስ 3

ጥያቄው ለእኛ መቅረቡ አልዋጠልኝም። ኃይሌ ገሪማ ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ» የሚያከፋፍልለት ቢያጣ፣ ታሪኩ ይከብዳል ብሎ አልሸሸገውም፤ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ለሕዝብ አሳየው። እናትዎም ከፊልሙ የከፋውን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ ነግረው እርሳቸውን ይጠይቋቸው፤ «አልፈልግም» ካሉ ያበቃል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ጠየቅኋት። ለካስ «ጤዛ» አዲስ አበባ በታየ ጊዜ ከአንዲት የልጅነት ጓደኛዋ ጋር ሄዳ አይታው ኖሯል፤ እኔ እንዳልጨነቅ ብላ አልነገረችኝም። እንዴት እንዳገኘችው ስጠይቃት ጥቂት አሰበችና፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ስለ ተመለሰው ነው። እኛ ቤት ደግሞ የተመለሰ የለም» አለችኝ። ይህን ያህል ስለ አጎቴ ስታነሣ ሰምቼ አላውቅም። የአንበርብር እናት ልጇን ስትቀበል የሚያሳየውን ክፍል ግን እንደገና ማየት ትፈልጋለች። ለፊታችን ቅዳሜ እርሱን መርጠናል፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይተነዋል።