ሊሲስትራታ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

የጥንት ግሪክ ቲያትር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በአሪስቶፋነስ «ሊሲስትራታ» ላይ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ411 አቴንስ ውስጥ የቀረበ ኮሜዲ። ሴቶቹ የአቴንስና የስፓርታ ጦርነት እስኪቆም ከባሎቻቸው ጋር ላለመተኛት ይማማላሉ። ሁሉም የሚያወራው ይህንን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። አሮጊቶቹ የጦርነቱ ገንዘብ የሚቀመጥበትን አክሮፖሊስን፣ የአቴንስን ኮረብታ ላይ ያለ ምሽግ፣ ይይዛሉ። ባለሥልጣኑ ለመርከብ መቅዘፊያ የሚሆን ብር ሊወስድ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል! ታዲያ ሰላሙን ያመጣው የትኛው ነው? አልጋው ወይስ ግምጃ ቤቱ?

መጨረሻ ላይ ደግሞ «እርቅ» ራቁቷን ሴት ሆና ትቀርባለች። ወንዶቹ ገላዋን እንደ ካርታ እያሳዩ መሬት ይከፋፈላሉ። የሴቶቹን ሚና የሚጫወቱትም ወንዶች ነበሩ። እዚህ ስደርስ «የሴቶች ሥልጣን» የሚለው ምዕራፌ አልገፋ ይለኛል። የአክሮፖሊሱንና የ«እርቅ»ን ትዕይንቶች እንዴት ላያይዛቸው?